ጋሪው ወደ ሠራተኛው ይሂድ፦ በሆስፒታል የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ዘመቻ ለሚመሩ

የመጀመሪያውን ዘመቻ ስመራ ሁሉን ያሟላሁ መስሎኝ ነበር። ክትባቱ በጊዜ ገብቷል፤ በአስተዳደር ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተሰጥቶናል፤ በየመተላለፊያው በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ከአንዲት ነርስ ጋር ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። የመጡልን በአብዛኛው የዚያው ፎቅ የሒሳብና የሰው ኃይል ሠራተኞች ነበሩ። ከድንገተኛ ክፍል የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የደመወዝ ጉዳይ ሊጠይቅ ወጥቶ በሩን ክፍት ስላገኘው ገባ።

ያን ዓመት «ሠራተኛው ለክትባት ፍላጎት የለውም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ስህተት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለዚያው ሠራተኛ ክትባቱን በጋሪ ጭነን በየክፍሉ ስንዞር፣ በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ ባለፈው ዓመት በሙሉ ሳምንት ከከተብነው የበለጠ ሰው ከተብን። ካልተከተቡት መካከል አብዛኞቹ እምቢ ያሉ ሳይሆኑ ክትባቱ ያልደረሰላቸው እንደሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተቀዳው ከዚህ ነው።

1. ስም ዝርዝሩን አስቀድሙ

ሆስፒታሉ ስንት ሠራተኛ እንዳለው የሰው ኃይል ክፍሉን ብትጠይቁ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ያ ቁጥር ግን ከበሽተኛ ጋር የሚገናኘውን ሰው ሁሉ አይጨምርም። በኮንትራት የሚሠሩ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች፣ ተለማማጅ ሐኪሞች፣ ለተግባር ልምምድ የመጡ ተማሪዎች፣ የምግብ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች፣ በጎ ፈቃደኞች በሌላ ድርጅት መዝገብ ላይ ይገኛሉ፤ ወይም የትም አልተመዘገቡም። የአልጋውን ሐዲድ የምትወለውለው ሴት ከአማካሪ ሐኪሙ ይልቅ ለበሽተኛው ትንፋሽ ትቀርባለች። ስለዚህ ዝርዝሩን በሥራ ክፍልና በተረኝነት ከፋፍላችሁ በስም ሥሩ። በጠቅላላ ድምር ብቻ የሚሠራ ዘመቻ ማን እንደቀረ ስለማያውቅ ማንን ሄዶ እንደሚጠይቅም አያውቅም።

2. ባለፈው ዓመት ለምን እንዳልተከተቡ ጠይቁ

ረጅም መጠይቅ አያስፈልግም። ስም የማይጻፍባት ቁራጭ ወረቀት፣ ሁለት ጥያቄ፦ «ባለፈው ወቅት ተከትበዋል?»፣ «ካልተከተቡ ለምን?» በተረኞች ርክክብ ሰዓት አድላችሁ እዚያው ሰብስቡ።

መልሶቹን በአራት ክምር ለዩ። አንደኛው «ጊዜ አላገኘሁም፣ የት እንደሚሰጥ አላወቅሁም» የሚል ነው፤ ይህን የሚፈታው ጋሪ ነው። ሁለተኛው የመርፌ ፍርሃት ነው፤ መጋረጃና ታጋሽ ከታቢ ይፈልጋል። ሦስተኛው «ክትባቱ ራሱ ያሳምማል፣ አይሠራም» የሚል ጥርጣሬ ሲሆን መድኃኒቱ ወግ ነው። አራተኛው ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ከዚህ ክምር ጋር ጉልበታችሁን አትጨርሱ፤ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ ትንሹ እርሱ ነው፣ ድምፁ ጎላ ስለሚል ብቻ ትልቅ ይመስላል።

3. ከወቅቱ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ክትባቱ በሰውነት ውስጥ በቂ መከላከያ ለመፍጠር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የጋሪው ዙር ሦስት ሳምንት ከፈጀ፣ የመጀመሪያው መርፌ በሽታው መበርታት ከሚጀምርበት ጊዜ ቢያንስ አምስት ሳምንት ቀድሞ መወጋት አለበት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱ የሚይዛቸውን የቫይረስ ዓይነቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ያስታውቃል፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሯሪ ለሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ፣ በሴፕቴምበር ለደቡባዊው። በምድር ወገብ አካባቢ ወቅቱ እንዲህ ጥርት ብሎ አይለይም፤ ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ ሊዘዋወር ወይም ሁለት ጊዜ ሊያገረሽ ይችላል። እዚያ ላሉ የሚሻለው የራሳቸውን ላቦራቶሪና የተኝቶ ታካሚ መዝገብ የጥቂት ዓመታት ገልጠው በየትኛው ወር የመተንፈሻ በሽታ አልጋ እንደሚሞላ ማየት ነው።

4. «የጉንፋን ክትባት» አትበሉ

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ዋጋ እሰጠዋለሁ። በቋንቋችን አፍንጫ ያራሰ ሁሉ ጉንፋን ነው። ለጉንፋን ደግሞ ማንም ክንዱን አይሰጥም፤ ትኩስ ነገር ጠጥቶ ይተኛል። በተጨማሪም «የጉንፋን ክትባት» ተብሎ የተከተበ ሰው በወሩ አፍንጫው ሲያፈስስ «ይኸው አልሠራም» ማለቱ አይቀርም፤ አይፈረድበትም፣ የነገርነው እንደዚያ ነው። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ሌሎች ብዙ ቫይረሶች ናቸው፤ ይህ ክትባት አይነካቸውም።

ስለዚህ በማስታወቂያው፣ በቅጹ፣ በአንደበታችሁም «የኢንፍሉዌንዛ ክትባት» በሉ። ልዩነቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩ፦ ኢንፍሉዌንዛ ድንገት የሚጀምር፣ በከፍተኛ ትኩሳት፣ በጡንቻ ሕመምና በድካም አልጋ ላይ የሚጥል፣ አረጋዊና ደካማ በሽተኛን ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካል ሕመም በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰው ይሞታል።

5. ከታቢውን ከመካከላቸው ምረጡ

ከየክፍሉ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። ኃላፊውን አትምረጡ፤ ሰዎች ልጃቸው ሲታመም «እስኪ ይህን እይልኝ» ብለው ስልካቸውን የሚያሳዩትን ሰው ምረጡ። እንዲህ ያለ ሰው በየክፍሉ አለ፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል። ግማሽ ቀን ሥልጠና ይበቃል፦ የክትባቱ አያያዝ፣ አወጋጉ፣ ድንገተኛ አለርጂ ሲነሣ የሚወሰደው እርምጃ፣ ለጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ።

አወጋጉን «ነርስ ሁሉ ያውቀዋል» ብላችሁ አትለፉት። ተከታቢው ይቀመጥ፣ ትከሻው በሙሉ ይገለጥ። ከትከሻ አጥንቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ በወፍራሙ ጡንቻ መካከል ይወጋ። የአንገትጌን ልብስ ወደ ታች ጎትቶ ከላይ መውጋት መርፌውን ወደ መገጣጠሚያው ሊያስገባና ለወራት የሚቆይ የትከሻ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። አንድ እንዲህ ያለ ጉዳት ከተከሰተ በዚያ ክፍል ዘመቻው አበቃ።

6. ጋሪውን አዘጋጁ

ልዩ ጋሪ አያሻም፤ የመድኃኒት ማዞሪያው ጋሪ ይበቃል። በላዩ ላይ የሚቀመጠው፦ የክትባት መያዣ ሳጥን ከቴርሞሜትር ጋር፣ መርፌና ስሪንጅ፣ ጥጥና አልኮል፣ የእጅ ማጽጃ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ስም ዝርዝሩ፣ የክትባት ካርድ፣ እንዲሁም ሳይረሳ ለከባድ አለርጂ የሚወጋው አድሬናሊን። ለአዋቂ የሚሰጠው 0.5 ሚሊግራም በጭን ጡንቻ ነው። ከባድ አለርጂ የሚያጋጥመው በሚሊዮን ዶዝ አንድ ገደማ ቢሆንም፣ አድሬናሊን የሌለው ጋሪ ከመጋዘኑ መውጣት የለበትም።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ። ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ከዚያ ባልተናነሰ የሚያበላሸው ግን ብርዱ ነው። የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቢሟሟም አይሰጥም፣ ይወገዳል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የጠነከረ የበረዶ ጥቅል ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካ፤ የተሻለው በረዶ ሳይሠራ የቀዘቀዘ የውኃ ጥቅል ነው። ቴርሞሜትሩን በየክፍሉ በር ላይ አንብባችሁ ጻፉ።

የጋሪው መንገድ በሰዓት የታሰበ ይሁን። የተሻለው ሰዓት የርክክብ ሰዓት ነው፤ ወጪውም ገቢውም ተረኛ አንድ ላይ ይገኛል። ለድንገተኛ ክፍልና ለቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርሷን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ሰው ፋታ የሚያገኝበትን ደቂቃ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሌሊት ተረኞችን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ድረሱላቸው። እነርሱ የሥልጠናም፣ የስብሰባም፣ የማስታወቂያም ትርፍራፊ ሲደርሳቸው የኖሩ ናቸው።

አንድ ሌሊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባን። ነርሷ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ በሽተኛ አጠገብ ቆማ የመድኃኒቱን ፍሰት እያስተካከለች ነበር። ጋሪውን ስታይ ራሷን ነቀነቀች። «ልነቃነቅ አልችልም።»

«ሲስተር፣ አትነቃነቂም። ጨርሺ፣ ወንበር እናመጣለን፤ የምንፈልገው ክንድሽን ብቻ ነው።»

ፍሰቱን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ከመቆጣጠሪያው ሳይነሣ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለች። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ሦስት ዓመት ሙሉ እወርዳለሁ እያልኩ አልወረድኩም» አለች። በየዓመቱ ካልተከተቡት ተርታ ስትቆጠር የኖረች ሴት ናት።

ከመርፌው በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሠራተኛውን ለዚህ ከሥራው ማውጣት ስለማይቻል፣ ተቀምጦ መሥራት የሚችለውን ይሥራ፤ አጠገቡ ላለው ባልደረባ ግን ሰዓቱን ንገሩ። ራስን መሳት ከክትባቱ ይልቅ ከመርፌው ፍርሃት ይመጣል፤ ቆሞ የተወጋ ሰው ወለል ላይ ወድቆ ግንባሩን ሲፈነክት አይቻለሁ፤ ሐኪም ነበር።

7. ለጥርጣሬው ሐቁን መልሱ

ሠራተኛው የጤና ባለሙያ ነውና በመፈክር አይታለልም። የምትሰሟቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ መልሱን በቃል ያዙት።

«ክትባቱ ራሱ አሳመመኝ።» በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለው ኢንፍሉዌንዛ ሊያመጣ አይችልም። ሆኖም ሰውየው አልዋሸም፤ ቀላል ትኩሳትና ድካም ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በጤነኛ ጎልማሳ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ክትባት የሌለበት መርፌ ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ አያውቁም። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም በሁለቱም ቡድን እኩል ታየ። ልዩነቱ የክንድ ሕመም ብቻ ነበር፦ 64 ከመቶ ገደማ በተከተቡት፣ 24 ከመቶ ገደማ በሌሎቹ። ስለዚህ ክንዱ እንደሚያመው ቁርጡን ንገሩት። ያልተነገረው ሕመም ነው ወሬ የሚሆነው።

«ተከትቤም ያዘኝ።» ይቻላል። ክትባቱ ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በደንብ በተገጣጠመባቸው ዓመታት ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን ሕመም ከ40 እስከ 60 ከመቶ ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች የሚሆንበትም ዓመት አለ። ይህን አትደብቁ። «ሙሉ በሙሉ ይከላከላል» ያለ ከታቢ በቀጣዩ ዓመት የሚያምነው አያገኝም።

«እኔ አይነካኝም፣ ታምሜም አላውቅም።» ለዚህ የምወደው መልስ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 94 በነበረው ክረምት በግላስጎው ሆስፒታሎች የተሠራው ጥናት ነው። ከ518 ሠራተኞች የ120ዎቹ ደም በዚያ ወቅት ኢንፍሉዌንዛ እንደያዛቸው አሳየ። ከእነዚህ መካከል 59 ከመቶው ኢንፍሉዌንዛ እንደያዛቸው አላስታወሱም፤ 28 ከመቶው ደግሞ ምንም ዓይነት የመተንፈሻ ሕመም ትዝ አላላቸውም። ቫይረሱን ይዘው ሥራ ላይ ነበሩ። ኢንፍሉዌንዛ ምልክት ከመታየቱ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ መተላለፍ መቻሉ ሲጨመርበት፣ «ሲያመኝ እቀራለሁ» የሚለው ጥንቃቄ ብቻውን አያድንም።

«አምና ተከትቤያለሁ።» ቫይረሱ ይለወጣል፣ ያለፈው ዓመት መከላከያም ይደክማል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ቀድሞ አራት ዓይነት ነበረው፣ አሁን ለምን ሦስት ሆነ? ርካሹን አመጣችሁልን?» ይላል። ቢ ያማጋታ የሚባለው የቫይረስ ዘር እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ወዲህ በተረጋገጠ ሁኔታ ሲዘዋወር ስላልታየ ነው የወጣው።

«እርጉዝ ነኝ።» እንዲያውም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ናት፤ በመርፌ የሚሰጠውን በየትኛውም የእርግዝና ወር መውሰድ ትችላለች። በአፍንጫ የሚረጨው ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለው አይሰጣትም። ከዚህ ቀደም ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከባድ አለርጂ የነበረበትን አትከትቡ። ጊላን ባሬ የተባለው የነርቭ ሕመም የነበረበት ደግሞ ሐኪሙን ያማክር።

አንድ ማሳሰቢያ ለራሳችሁ። «ካልተከተብክ በሽተኛህን ትገድላለህ» አትበሉ። በብሪታንያ በአረጋውያን መንከባከቢያዎች የተደረጉ ጥናቶች ሠራተኞች ሲከተቡ የአረጋውያኑ ሞት እንደቀነሰ አሳይተዋል፤ በኋላ የመረመሯቸው ሰዎች ግን የማስረጃው ጥንካሬ ላይ ጥያቄ አንሥተዋል። ይህን የሚያውቅ ሐኪም በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ቢጠይቃችሁ ማፈር ይመጣል። ክትባቱ ሠራተኛውን ራሱን እንደሚጠብቀው፣ በቫይረሱ ያልተያዘ ሠራተኛ ደግሞ እንደማያስተላልፍ መናገር ይበቃል፤ እውነትም ነው።

ከሁሉ የምትበልጥብኝ ጥያቄ ግን ከጥርጣሬ የመጣች አይደለችም። በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ ጋሪውን ሲያዩ ግድግዳ ተጠግተው መንገድ ለቀቁልን። ስማቸውን ከዝርዝሩ ስጠራ ደነገጡ። «ልጄ፣ ይሄ ለዶክተሮቹ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ለእርስዎም ነው፣ እማማ» አልኳቸው። መጥረጊያቸውን አስደግፈው ክንዳቸውን ሰጡን፤ ከዚያ ራሳቸው ሄደው ከፎቁ አራት ባልደረቦቻቸውን ጠርተው መጡ።

8. ቀጠሮውን እናንተ ያዙለት

ጋሪው ያላገኘው ሰው ይኖራል። ለእርሱ «በሚመችህ ጊዜ ና» ከማለት ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ስጡት። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቀጠሮ ተይዞላቸው ካልፈለጉ መሰረዝ እንደሚችሉ የተነገራቸው 45 ከመቶ ተከተቡ፤ ራሳቸው ቀጠሮ እንዲይዙ ከተነገራቸው ግን 33 ከመቶ ብቻ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ በማስታወሻው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ የሚጽፍበት ባዶ መስመር አስቀምጡ፤ እርሱም ትንሽ ይጨምራል።

9. አለቆቹን ተጠቀሙባቸው፣ በልክ

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅና የነርሶች አለቃ የሆነችው ሜትረን በመጀመሪያው ቀን፣ በርክክብ ሰዓት፣ በሠራተኛው ፊት ይከተቡ። ንግግር አያስፈልግም፤ የተጠቀለለው እጅጌ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከጋሪው ይራቁ። አለቃ ያጀበው ጋሪ ቅጣት ይመስላል።

10. ውጤቱን ለጥፉ፣ ስም ግን አትለጥፉ

በየሳምንቱ በየክፍሉ የተከተበውን በመቶኛ ለጥፉ። የራጅ ክፍሉ ከላቦራቶሪው ዝቅ ብሎ ሲታይ የሚፈጠረው ቀልድ ከደብዳቤ የበለጠ ይሠራል። አምስት ሰው ብቻ ያለበትን ክፍል ግን ከሌላ ጋር ደምሩት፤ ያለዚያ ያልተከተበው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ምናልባት በሕክምና ምክንያት የቀረ፣ ሊናገር የማይፈልግ ሰው ይሆናል።

11. ስለ ግዴታ

ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም። በአሜሪካ በሲያትል የሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል ክትባቱን የቅጥር ሁኔታ ሲያደርገው በመጀመሪያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ 97.6 ከመቶ ደረሰ፤ ቢጄሲ የተባለው የሚዙሪ የሆስፒታሎች ድርጅት በ2008 ያንኑ አድርጎ 98.4 ከመቶ አገኘ። ግዴታ ይሠራል ማለት ነው። እኔ ግን ጋሪው በሌሊት ዞሮ በማያውቅበት ሆስፒታል ስለ ግዴታ መነጋገርን አልወድም፤ መጀመሪያ የራሳችንን ግዴታ እንወጣ። መካከለኛው መንገድ የእምቢታ ቅጽ ነው፦ ያልፈለገ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል። ለማስፈራሪያ ከሆነ ጥላቻ ያተርፋል፤ ለመጠየቂያ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ያሳያችኋል፤ ጥቂቱም ብዕሩን ካነሣ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል።

12. ከመጨረሻው ዙር በኋላ

የተከተበውም ቢሆን ትኩሳትና ሳል ከያዘው ቤቱ ይቅር፤ ለዚህ ፈቃድ የማይሰጥ ኃላፊ የክትባቱን ሥራ ያፈርሳል። ጭምብልና የእጅ ንጽሕናም ይቀጥላሉ። የተረፈውን ክትባት ወዲያው አትመልሱ፤ አዲስ ተቀጣሪና ከወሊድ ፈቃድ የሚመለስ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። ወቅቱ እስኪያልፍ በሳምንት አንድ ቀን ጋሪው ይውጣ።

ጋሪውን ባስረከባችሁበት ማታ፣ ሳትረሱት፣ ሦስት ነገር ጻፉ፦ በየትኛው ሰዓት ብዙ ሰው እንደመጣ፣ የትኛው ክፍል በር ተዘግቶ እንደጠበቃችሁ፣ መጀመሪያ ያለቀው ዕቃ ምን እንደሆነ። የእኛው ወረቀት እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ጥጥ።